የቧንቧ ውሃ ጥራት በሰሜን ሸዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የቧንቧ፣ የቦኖ ወይም የጉድጓድ ውሃ ለሚጠቀሙ የሰሜን ሸዋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ነው። ጠያቂዎች በብዛት ማወቅ የሚፈልጉት ውሃው ከመነሻው ንጹሕ ስለመሆኑ ነው። ነገር ግን ከጥልቅ ጉድጓድ ጥሩ ሆኖ የወጣ ውሃ በፈረቃ ባዶውን በሚያድር ቧንቧ፣ ክዳኑ በተሰበረ ሮቶ ወይም በደንብ ባልታጠበ ጀሪካን ውስጥ ይበላሻል። መነሻው መጥፎ ሲሆን ደግሞ ማፍላትም ሆነ ክሎሪን የማያድናቸው ነገሮች አሉ። ሁለቱን መለየት ዋናው ነገር ስለሆነ መልሶቻችንም ወደዚያ ያዘነብላሉ።

ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ለምን ይደፈርሳል? መጠጣት ይቻላል?

አይጠጣ። ውሃ በፈረቃ ሲሰጥ ቧንቧው ለሰዓታት ወይም ለቀናት ባዶ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሁለት ነገር ይፈጠራል። አንደኛ፣ በተለይ የቆየ የብረት ቧንቧ ከሆነ ውስጡ የተጋገረው ዝገትና ደለል ይደርቅና ውሃው በኃይል ሲመለስ ተላቅቆ ይወርዳል። ቡናማውን ቀለም የሚሰጠው ይህ ነው። ሁለተኛውና አደገኛው በዓይን አይታይም። ቧንቧው ሲጎድል ውስጡ ያለው ግፊት ይወርድና በተሰነጠቀበትና በላላ መገጣጠሚያው በኩል ከውጭ ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። ቧንቧው በጎርፍ ማውረጃ ቦይ ውስጥ ወይም በሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ የሚስበው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። በሐምሌና በነሐሴ መሬቱ ውሃ ሲጠግብ ችግሩ ይብሳል።

የመጀመሪያውን ውሃ በባልዲ ተቀብለው ለወለል፣ ለሽንት ቤት ወይም ለአትክልት ያውሉት። ቀለሙ እስኪጠራ ድረስ ይቀጥሉ። ለመጠጥ የሚሆነውን የሚቀዱት ከጠራ በኋላ ነው፤ በእርግጥ የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለምና ለመጠጥ የሚውለውን ክሎሪን ይጨምሩበት ወይም ያፍሉት። ሮቶ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ከሮቶው በፊት ማፍሰሻ ቧንቧ ቢያስገጥሙ ይጠቀማሉ፤ አለበለዚያ የየፈረቃው የመጀመሪያ ድፍርስ ሁሉ ሮቶው ሥር ይከማቻል።

ውሃው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ክሎሪን በዝቶበት ነው?

በአብዛኛው አየር ነው። ባዶ የነበረ ቧንቧ ሲሞላ አየሩ በግፊት ውሃው ውስጥ ይገባና በጥቃቅን አረፋ መልክ ይወጣል። በብርጭቆ ቀድተው አንድ ሁለት ደቂቃ ይመልከቱት። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፤ ምንም አይጎዳም። ከላይ ወደ ታች እየጠራ ነጩ ነገር ከሥር ከተቀመጠ ግን ደለል ወይም ኖራ ነገር ነው።

የክሎሪን ሽታ ያለው ውሃ ይጎዳል?

ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ መልካም ምልክት ነው። ውሃው ቧንቧዎ ድረስ መከላከያውን ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ቤት በሚደርስበት ጊዜ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን እንዲቀር ይፈለጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ያስቀመጠው ከፍተኛ ልክ 5 ሚሊ ግራም ነው። አፍንጫ የሚያቃጥልና ዓይን የሚቆጠቁጥ ከሆነ መጠኑ ስለተሳሳተ ለውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።

ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ክሎሪን ፈጽሞ የማይሸትበት ወቅት ነው። ክሎሪን ከማጠራቀሚያው ሲነሳ በቂ ቢሆንም በመንገድ ላይ ዝገትና ቆሻሻ ይበላዋል፤ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ያሉ ቤቶች ያልተጠበቀ ውሃ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። በአፍንጫ መተማመንም ልክ አለው፤ ሽታውን የለመደ ሰው አይታወቀውም። ርግጠኛው መንገድ ክኒን ጨምረው ቀለሙን ከሰሌዳ ጋር የሚያስተያዩበት ትንሽ የክሎሪን መለኪያ ነው። ውሃው ወደ ሮዝ ሲቀየር ክሎሪን አለ፤ ሮዙ በደመቀ ቁጥር መጠኑ ይጨምራል። ትምህርት ቤት፣ ሆቴል ወይም የጋራ ሮቶ የሚያስተዳድሩ ሁሉ ይህን ዕቃ ቢኖራቸው እንመክራለን።

ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ ስንት ደቂቃ መፍላት አለበት?

3 ደቂቃ። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የሚመከረው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ይህ ለጣርማበር፣ ለአንኮበርና ለመሃል ሜዳም ያገለግላል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች 1 ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ትንንሽ አረፋ ከሥር መነሳት ሲጀምር አይደለም፤ ውሃው በሙሉ ሲገላበጥ ነው። በ91 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ጀርም አይገድልም የሚባለው ስጋት ግን ልክ አይደለም፤ ተቅማጥ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች፣ ጃርዲያና አሜባ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይሞታሉ።

የሚያሳዝነው ጥፋት የሚመጣው ከማፍላት በኋላ ነው። የፈላ ውሃ ክሎሪን የለውም፤ ባልታጠበ ጆግ ከተገለበጠ ወይም እጅ ከገባበት በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይበከላል። በፈላበት ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ይቀዝቅዝ፤ በማግስቱም ይለቅ። ማገዶና ኤሌክትሪክ በተወደደበት ጊዜ ለትልቅ ቤተሰብ የሚጠጣውን ሁሉ ማፍላት ከባድ ስለሆነ፣ አቅም የሌለው ሰው የሕፃናቱን አፍልቶ ለቀሪው ክሎሪን ቢጠቀም ተገቢ ነው።

በቤት ውስጥ ክሎሪን እንዴት ይጨመራል? በረኪና ይሆናል?

ለመጠጥ ውሃ ተብለው የተዘጋጁትን ማስቀደም ይሻላል፦ ውሃ አጋር፣ አኳታብ፣ ለድፍርስ ውሃ ደግሞ ቢሻን ጋሪ። መጠኑ የሚለያየው እንደ ምርቱ ጥንካሬ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ ያለውን ያንብቡ። ለምሳሌ አኳታብ በተለያየ ጥንካሬ ይመጣል፤ ባለ 67 ሚሊ ግራሙ አንድ ክኒን ለ20 ሊትር ጥሩ ውሃ ነው። አንድ ሊትር ጆግ ውስጥ የሚጨምረው ሰው አለ፤ ያ ስህተት ነው። ቢሻን ጋሪ የሚለየው ድፍርሱን አሰባስቦ ከሥር ስለሚያስቀምጥ ነው። ከተማሰለና ከረጋ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጡታል፤ ከሥር የቀረው አተላ አይጠጣም፣ ለከብትም አይሰጥም።

በረኪና ሌላ ነገር ካልተገኘ ይሆናል፤ ነገር ግን ሽቶና ቀለም የሌለው፣ ጥንካሬው በመቶኛ የተጻፈበት መሆን አለበት። ጥንካሬው 5 በመቶ ከሆነ፦

– ለ20 ሊትር ጥሩ ውሃ 1 ሚሊ ሊትር፤
– ደለሉ ረግቶ በጨርቅ ለተጠለለ፣ ግን ትንሽ ደመና ለቀረው 20 ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር።

ለመለካት መርፌ የሌለው አዲስ ስሪንጅ ከፋርማሲ ይግዙ። «ትንሽ ጠብ ማድረግ» መለኪያ አይደለም። ከጨመሩ በኋላ ጀሪካኑን ከድነው ያናውጡና 30 ደቂቃ ያቆዩት። ደጋ ላይ ግን ይህ ሰዓት ያንሳል። ክሎሪን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጠዋት የተቀዳ ውሃ ከሆነ አንድ ሰዓት ይስጡት። ከዚያ ሲያሸቱት ቀላል የክሎሪን ሽታ መኖር አለበት። ምንም ከሌለ ውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ጨርሶታልና ያንኑ መጠን አንድ ጊዜ ደግመው ሌላ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ሁለተኛውም ከጠፋ ውሃውን ለመጠጥ አይጠቀሙበት።

በረኪና ሲቆይ፣ ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኘው ይደክማል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን አይግዙ። ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋርም በጭራሽ አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ሮቶ በምን ያህል ጊዜና እንዴት ይታጠባል?

ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፤ አንዱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ የክረምቱ ደለል ያኔ ነውና የሚወጣው። የሮቶ መውጫ ከወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገጠም ከዚያ በታች ያለው ደለል በራሱ አይወርድም። ጭቃው በዓመታት ይወፍራል፤ ክሎሪኑን ይበላል፤ ለባክቴሪያም መጠለያ ይሆናል።

አሠራሩ ለ1,000 ሊትር ሮቶ እንደሚከተለው ነው።

መግቢያውን ዘግተው ውሃውን ይጠቀሙበት ወይም ያፍስሱት። ከሥር የቀረውን በባልዲና በጨርቅ ያውጡ። ግድግዳውን ረጅም እጀታ ባለው የፕላስቲክ ብሩሽ ይፈትጉ፤ የሽቦ ብሩሽ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፤ በጭረቱ ውስጥ ደግሞ አረንጓዴው ቶሎ ይይዛል። ያጥቡና ያንን ውሃ ያውጡ። ከዚያ ግማሹን ሞልተው 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ይጨምሩና እስከ አፉ ይሙሉ። ይህ በአንድ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። የቤቱን ቧንቧ ሁሉ አንድ በአንድ ከፍተው የክሎሪን ሽታ ሲመጣ ይዝጉ፤ መስመሩም እንዲታከም ነው። 12 ሰዓት ወይም አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በዚያን ጊዜ ማንም እንዳይጠጣና እንዳያበስልበት ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ በተለይ ለልጆች ይንገሩ። ጠዋት በቧንቧዎቹ በኩል ያፍስሱት፤ አትክልት ላይም ሆነ ወንዝ ውስጥ አይድፉት። አንድ ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ይሙሉ። ባለ 2,000 ሊትር ከሆነ በረኪናው 2 ሊትር ነው።

ክሎሪን የተጨመረበት ሮቶ ውስጥ ሰው አይግባ። ትልቁን ሮቶ ገብቶ ማጠብ ግድ ከሆነም ክሎሪኑ ከመጨመሩ በፊት፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ውጭ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ይሁን።

ክዳኑ መግጠሙን፣ የትርፍ ውሃ መውጫው ወፍና አይጥ የማያስገባ ወንፊት እንዳለው ይመልከቱ። ብርሃን የሚያስገባ ሮቶ ውስጡ አረንጓዴ ያበቅላል። መግቢያው ቱቦ ደግሞ ከውሃው ወለል በላይ ተንጠልጥሎ ይቅር፤ ውሃ ውስጥ ከተነከረ በፈረቃ ጊዜ የሮቶው ውሃ ወደ መንገዱ መስመር ተመልሶ ይሳባል። በባልዲ ወይም በበርሜል ውስጥ የተተወ ጎማም ያንኑ ያደርጋል፤ ልብስ የታጠበበት ውሃ ወደ ጎረቤት ቧንቧ ይሄዳል ማለት ነው።

ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ፓምፕ ከመንገዱ መስመር ጋር በቀጥታ አገናኝተን እንስባለን። ችግር አለው?

አዎ፣ ከባድ ችግር አለው። ፓምፑ ሲስብ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በታች ይወርዳል፤ በላይ እንደተገለጸው የመሬቱ ቆሻሻ በየስንጥቁ ይገባል። የሚጠጣው ደግሞ የሳበው ቤት ብቻ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነው። ውሃው በራሱ ግፊት መሬት ላይ ወዳለ ታንከር ይግባ፤ ፓምፑ ከታንከሩ ወደ ላይኛው ሮቶ ይግፋ።

ጀሪካንስ?

ጀሪካን አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አያስገባም፤ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ ውስጡን ማየትም መፈተግም አለመቻሉ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ እፍኝ የታጠበ ጠጠር፣ ሳሙናና ጥቂት ውሃ አስገብተው በኃይል ይነቅንቁት፤ ጠጠሩ የሚያዳልጠውን ሽፋን ይፍቀዋል። ከዚያ አለቅልቀው ክሎሪን ባለበት ውሃ ይጨርሱ። በወይራ ማጠን ሽታውን ያሳምራል እንጂ ክሎሪንን አይተካም።

በርሜል ወይም ጋን የሚጠቀሙ ሰዎች ግንዱ ረጅም የሆነ መቅጃ ይያዙ፤ መቅጃው መሬት ላይ አይቀመጥ። ከሥሩ ትንሽ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ከሁሉም ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን። በሞረትና ጅሩም ሆነ በምንጃር ለስንዴና ለጤፍ የሚረጨው ፀረ አረምና ፀረ ተባይ የመጣበት ጀሪካን የፈለገው ያህል ቢታጠብ ውሃ አይያዝበት። ኬሚካሉ ፕላስቲኩ ውስጥ ዘልቆ ይቀራል፤ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወጣል። ለሌላ ሰው እንዳያገለግል በስተው ይጣሉት።

ውሃው ሲቀዳ የጠራ ነው፤ ሲያድር ግን ይቀላል፤ ሻይም ያጠቁራል። ምንድን ነው?

ብረት ነው። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አየር ስለሌለ ብረት ሟሙቶ በማይታይ መልክ ይቆያል። ውሃው አየር ሲያገኝ ብረቱ ወደ ዝገት ተቀይሮ ይወርዳል። ከሻይ ቅጠል ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ነጭ ልብስ ላይ ቢጫ ይተዋል። በሊትር ከ0.3 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን ጣዕሙና ቀለሙ ያስቸግራል፤ በዚህ መጠን ጤና አይጎዳም። ጥቁር ዝቃጭ ከታየ ማንጋኒዝም ሊኖር ይችላልና ለሕፃናት ስለሚያሳስብ ይመርመር።

ከቧንቧ ዝገት ለመለየት ቀላል ነው። ሲወርድ ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ትንሽ ቆይቶ የሚጠራው የቧንቧ ዝገት ነው፤ ጠርቶ ወርዶ አድሮ የሚቀላው ከመሬት የመጣ ብረት ነው። ለሁለተኛው፣ ውሃውን ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ከከፍታ አምስት ስድስት ጊዜ እያንቆረቆሩ ይገልብጡት፣ ያሳድሩት፣ ከላይ ያለውን በጨርቅ አጥልለው ይውሰዱ። ክሎሪን የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ አስቀድመው ከጨመሩት ብረቱ ይበላዋል።

ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ ኩላሊት ላይ ጠጠር ይሠራል ይባላል።

ቅርፊቱ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። ከኖራ ድንጋይ መካከል የሚወጣ ውሃ ከባድ ይሆናል፤ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርዱት ቦታዎች እንዲህ ዓይነት ድንጋይ አላቸው፤ የደጋው መሬት ግን በብዛት ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከባድ ውሃ ሳሙና አያስነሳም፣ የሻወር ወንፊት ይደፍናል። የጤና በካይ ግን አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ላይ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል የሚለውም አልተረጋገጠም። በቂ ውሃ አለመጠጣት ከዚያ የበለጠ ያጋልጣል። ቅርፊቱን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ አፍልተው ያለቅልቁት።

ማፍላትና ክሎሪን የማያስወግዷቸው የትኞቹ ናቸው?

በውሃው ውስጥ የሟሙ አብዛኞቹ ኬሚካሎች። እንዲያውም ሲፈላ ውሃው ስለሚተንና ኬሚካሉ ስለሚቀር ክምችቱ ይጨምራል። በአካባቢያችን ሦስቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፍሎራይድ። ከስምጥ ሸለቆ ድንጋይ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ በፍሎራይድ ይታወቃል፤ ስለዚህ ወደ ሸለቆው የሚወርደው የዞኑ ቆላ ክፍል አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር ይህን ሳያስለካ ለሕዝብ መክፈት አይገባም። ልኩ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጥርሳቸው በመብቀል ላይ ያሉ ልጆች ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያመጣል፤ በጣም ከበዛ ዓመታት ቆይቶ አጥንት ያደነድናል። ጣዕምም ሽታም የለውም። መፍትሔው ሌላ ምንጭ መፈለግ፣ ከዝቅተኛ ፍሎራይድ ውሃ ጋር መቀላቀል፣ ወይም በአጥንት ከሰል አለዚያም በአሉምና በኖራ የሚሠራ ማጣሪያ ነው። ቢያንስ የልጆቹን መጠጥ ከዝናብ ማጠራቀሚያ መስጠት ብዙ ይረዳል።

ናይትሬት። ከሽንት ቤት፣ ከበረት ፍግና ከዩሪያ ማዳበሪያ ወደ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ይሰርጋል። ልኩ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። የሚያሰጋው ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ይከለከልና ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ሰማያዊ ይሆናል። እናት ጡት ብቻ የምታጠባ ከሆነ ሕፃኑ ከዚህ ይጠበቃል። የዱቄት ወተት ግን በእጅ በተቆፈረ የጓሮ ጉድጓድ ውሃ አይበጥበጥ፤ ቢፈላም አይበጥበጥ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ዳገት ላይ ያለው የውሃው ጉድጓድ ይሁን።

የፋብሪካ ፍሳሽ። በረሳ ወንዝ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በመንገዱ ላይ ከተማውም ፋብሪካውም አለ። በየትኛውም ቦታ ቢሆን የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ክሮሚየም፣ የማቅለሚያ ሥራ ደግሞ ቀለምና ጨው ይዞ ይመጣል። በመጠጥ ውሃ ውስጥ የክሮሚየም ልክ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው። ከፋብሪካ በታች ከሚወርድ ወንዝ ወይም ከዳር ከተቆፈረ ጉድጓድ ለመጠጥ አይቅዱ፤ በዚያ ውሃ የለማ አትክልትም በጥሬው እንዳይበላ ያስቡበት። ይህን በቤት ማጣሪያ እናስተካክላለን ማለት ከንቱ ድካም ነው፤ መፍትሔው ፍሳሹን ከምንጩ ማከም ነው።

የቤቱ ቧንቧ አሮጌ ነው። እርሳስ ይኖረዋል?

በአገራችን በብዛት የተዘረጋው ዚንክ የተቀባ ብረትና ፕላስቲክ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ከእርሳስ የተሠራ ቧንቧ የተለመደ አይደለም። እርሳስ ሊኖር የሚችለው በብየዳው፣ ርካሽ በሆኑ የነሐስ ቫልቮችና መክፈቻዎች ውስጥ ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረውን ውሃ ለፊት መታጠቢያ አውለው ቀዝቃዛው አዲስ ውሃ ሲመጣ ለመጠጥ ይቅዱ። ከቦይለር የሚመጣ ሙቅ ውሃ ለሻይም፣ ለገንፎም፣ ለሕፃን ወተትም አይሁን፤ ሙቅ ውሃ ብረት በይበልጥ ያሟሟል።

ማጣሪያ ልግዛ?

ምን እንደሚያስወግድልዎ ካወቁ። የሸክላ ሻማ ያለው ማጣሪያ ድፍርስን፣ ጃርዲያን፣ አሜባንና አብዛኛውን ባክቴሪያ ይይዛል፤ ቫይረስን በደንብ አይይዝም፤ ፍሎራይድና ናይትሬትን አይነካም። ፍጥነቱ ሲቀንስ ሻማውን በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ ብቻ ይፈትጉ፤ ሳሙና ቀዳዳውን ይደፍናል። ፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለው ይጣል። የከሰል ማጣሪያ ሽታንና ክሎሪንን ስለሚያወጣ ውሃው ይጣፍጣል፤ ግን መከላከያው ስለጠፋ ያን ውሃ አያሳድሩት፤ ከሰሉ በጊዜው ካልተቀየረም ራሱ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል።

ለጠላ፣ ለሊጥና ለጠበልስ?

ክሎሪኑ እርሾውን ያዳክምብኛል የሚል ሰው ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ በወንፊት ጨርቅ ሸፍኖ ቢያሳድረው ክሎሪኑ ይቀንሳል። ጠላ መፍላቱ ግን በቆሻሻ ውሃ የገባውን ጀርም ሁሉ ይገድላል ብለው አይመኑ። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ሌላ ቦታ ሄደው ጠበል ይዘው ለሚመለሱ፣ መያዣው ለምግብ የሚሆን፣ አስቀድሞ የታጠበና የደረቀ ይሁን፤ ሲጠጡም ወደ ኩባያ ቀድተው እንጂ ሁሉም ከአንድ አፍ እየተጎነጨ አይሁን።

የት ይመረመራል? ናሙና እንዴት ይወሰዳል?

በቅድሚያ የከተማውን የውሃ አገልግሎትና የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት የአካባቢ ጤና ባለሙያ ይጠይቁ። የጀርም ምርመራው ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ይፈልጋል፤ መገኘቱ ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ መግባቱን ያሳያል። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም።

ናሙናውን በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ መሄድ ውጤቱን ያበላሻል። የክሎሪኑን ኃይል የሚያጠፋ ጠብታ ያለበት የተቀቀለ ጠርሙስ ከላቦራቶሪው ይውሰዱ፤ አያለቅልቁት። የብረት ቧንቧ ከሆነ አፉን በእሳት ይለብልቡ፤ ፕላስቲክ ከሆነ በአልኮል ይጥረጉ። ውሃውን 2 ደቂቃ ያህል አፍስሰው፣ የክዳኑን ውስጥ ሳይነኩ፣ ከላይ ትንሽ ክፍተት ትተው ይቅዱ። በበረዶ በቀዘቀዘ ዕቃ ውስጥ አድርገው በ6 ሰዓት ውስጥ ቢያደርሱ ይመረጣል፤ ከ24 ሰዓት ያለፈ ናሙና አይረባም። አንዱን ከመንገዱ መስመር፣ ሌላውን ከሮቶው በኋላ ከሚገኘው ቧንቧ ይውሰዱ። የመጀመሪያው ንጹሕ፣ ሁለተኛው የተበከለ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ ሮቶው ወይም የቤትዎ መስመር ነው።

በሰፈሩ ብዙ ሰው ተቅማጥ ያዘው። ምን እናድርግ?

ውጤት ሳይጠብቁ የሚጠጣውን ሁሉ ያፍሉ ወይም ክሎሪን ይጨምሩ፤ ጥርስ መፋቂያውንና አትክልት ማጠቢያውንም ጭምር። ለታመመው ኦአርኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጠው ይስጡ፤ ሕፃን ከሆነ ጡት አይቋረጥ። ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውሃ ሆኖ በብዛት ከወረደ፣ ዓይን ከጎደጎደ፣ ሽንት ከጠፋ ወይም ልጁ መጠጣት ካቃተው ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ይንገሩ። አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ለውሃ አገልግሎቱ ሲያመለክቱ «ውሃው ተበላሽቷል» ከማለት ይልቅ እነዚህን ይዘው ይሂዱ፦ ችግሩ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ ውሃው ከስንት ቀን በኋላ እንደመጣ፣ ቀለሙና ሽታው፣ ከሮቶ በፊት ካለው ቧንቧም እንደዚያው መሆን አለመሆኑ፣ የትኞቹ ጎረቤቶች እንደደረሰባቸው፣ የቆጣሪዎ ቁጥር፣ በቅርብ የተቆፈረ መንገድ ወይም ሲያፈስ የታየ ቦታ። ባለሙያው የተሰበረውን ቧንቧ የሚያገኘው በዚህ ነው።